የፊልሙ ፖሊስና የሰፈሩ ፖሊስ

«ጋሼ፤ ሰውየው ይህን ያህል ክፉ መሆኑ ከታወቀ፤ ፖሊሱ ለምን እዚያው ገድሎ አይገላገለውም? ፍርድ ቤቱ ምን ያደርግለታል?»

ይህን ጥያቄ ያቀረበልኝ ዕድሜው 14 ዓመት የሆነው የእኅቴ ልጅ ነው። ጊዜው ባለፈው እሑድ ማታ፤ ቦታውም በናይሮቢ ከተማ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር የምንኖርበት ቤት ነበር። እራት ተበልቶ፤ ቡና ተፈልቶ፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ በቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስቦ አንድ የህንድ የፖሊስ ፊልም ይመለከት ነበር። እናቱ፤ «ዝም ብለህ ፊልምህን እይ» ብላ ገሠጸችው። እኔ ግን ጥያቄው ከተግሣጽ የበለጠ መልስ የሚገባው መሆኑ ስለ ተሰማኝ፤ የዚህን ሳምንት ዓምድ ለእርሱ መልስ እንዲሆን አሰብሁ። በየአንባቢዎቼ ቤትም ይህንኑ የሚጠይቅ ልጅ አይታጣምና፤ ነገሩን አብረን እንመርምረው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ፊልሙ ጥቂት ልበል። ፊልሙ «ኮሚሽነር» ይባላል። የተሠራው በ1994 ዓ.ም. ሲሆን፤ ቋንቋው ማላያላም ነው። ማላያላም በህንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፤ በባሕር ዳር ተዘርግታ በምትገኘው በኬረላ ክፍለ ሀገር የሚነገር ቋንቋ ነው። ኬረላ የሚለው ስም ለብዙዎቻችን እንግዳ ቢመስልም፤ ሕዝቡ ግን እንግዳችን አይደለም። በ1950ዎቹ፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ፣ እንግሊዝኛም ያስተምሩ ከነበሩት ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከዚሁ ከኬረላ ነው። በየጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ጠመኔ ይዘው፤ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፤ ተማሪውን በትዕግሥት ያስተማሩትን እነዚያን ሰዎች አባቶቻችንና እናቶቻችን ዛሬም በምስጋና ያነሡአቸዋል። እንግዲህ የእነዚያ ጭምት መምህራን አገር ሰዎች ሲኒማ ቤት ገብተው በፉጨትና በጭብጨባ የሚቀበሉት ጀግና ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የፊልሙ አዘጋጅ ሻጂ ካይላስ፤ ደራሲው ደግሞ አስቀድሞ ጋዜጠኛ የነበረው ሬንጂ ፓኒከር ነው። ዋናውን ተዋናይ ሱሬሽ ጎፒን በአንድ ጊዜ ታላቅ ዝና ያቀዳጀው ይኸው ፊልም ነው። ተዋናዩ የሚጫወተው ባራት ቻንድራን የተባለውን የፖሊስ አዛዥ ነው። አዛዡ ቁጡ ነው፤ ጉቦ አይበላም፤ ከባለ ሥልጣን ፊት አያጎነብስም፤ ምላሱም እንደ ጥይቱ የፈጠነ ነው። በፊቱ የቆመው ጠላት ደግሞ ገንዘቡ የማያልቅ፤ ሹማምንቱን በእጁ ያስገባ፤ ሕግ የማይነካው አንድ ባለ ጸጋ ነው። ተመልካቹ ፊልሙን በጣም ስለ ወደደው ወደ ቴሉጉ ቋንቋ ተመልሶ በሌላው የህንድ ክፍል ጭምር ታይቷል። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ያው ደራሲ ራሱ አዘጋጅ ሆኖ፤ በዚሁ አዛዥ ስም የተሰየመ ተከታይ ፊልም ሠራ። ሱሬሽ ጎፒም ከሲኒማው ዓለም ወደ ፖለቲካው ገብቶ በ2024 ዓ.ም. ከትሪሱር ከተማ ለህንድ ፓርላማ ተመረጠ፤ ቀጥሎም በማዕከላዊው መንግሥት ሚኒስትር ዴኤታ ሆነ።

ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ጀግና ለምን ወደደው? ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሞኝነትም አይደለም። ድኻ ተበድሎ ወደ ዳኛ ሲሄድ ቀጠሮ ይበዛበታል፤ ባለ ጸጋው ግን ጠበቃ ቀጥሮ፤ ምስክር አስፈራርቶ ወጥቶ ይሄዳል። ያን ጊዜ በልቡ የታመቀው ቁጣ መውጫ ይፈልጋል። ፊልሙም መውጫውን በሁለት ሰዓት ተኩል ይሰጠዋል። በፍርድ ቤት አሥር ዓመት የሚፈጀው ነገር በሲኒማው አንድ ጥፊና አንድ ጥይት ብቻ ይበቃዋል። ከዚህም ሌላ በፊልሙ ውስጥ አንድ የተደበቀ ውለታ አለ፤ ይኸውም ወንጀለኛው ማን እንደ ሆነ ተመልካቹ ከመጀመሪያው ማወቁ ነው። ሲሰርቅ በዓይኑ አይቶታል፤ ሲገድልም ሲስቅም አይቶታል። ስለዚህ ፖሊሱ ሲተኩስ ተመልካቹ ይሳሳት ይሆን ብሎ አይሰጋም። ይህን ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ናይሮቢ እንምጣ። ይህች ከተማ ከህንድ ጋራ ያላት ዝምድና ከልደቷ የሚጀምር ነው። ከ1896 እስከ 1901 ዓ.ም. ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ለመሥራት ከ30,000 የሚበልጡ ህንዳውያን ሠራተኞች መጥተው ነበር፤ ናይሮቢም በ1899 ዓ.ም. የባቡሩ ማረፊያ ሆና ተቈረቈረች። ከሠራተኞቹ ጥቂቶቹ በዚያው ቀሩ፤ ነጋዴዎችም ተከተሉአቸው። በ2017 ዓ.ም. የኬንያ መንግሥት የእነዚህን ሰዎች ዘሮች ከአገሩ ብሔረ ሰቦች እንደ አንዱ ቈጥሮ 44ኛ ብሎ ተቀበላቸው። እነዚህ ሰዎች በየሰፈሩ ሲኒማ ቤት ሠርተው የአገራቸውን ፊልም ያሳዩ ነበር። በንጋራ የነበረው «ሻን» ሲኒማ ከነዚህ አንዱ ሲሆን፤ ዛሬ የሰርከስና የትርኢት አዳራሽ ሆኗል። ከከተማው አሮጌ ሲኒማ ቤቶች አንዳንዶቹም የጸሎት ቤት ሆነዋል።

ሲኒማ ቤቱ ቢዘጋም ፊልሙ ግን አልቀረም፤ ከአዳራሽ ወጥቶ ወደ ቆርቆሮ ቤት ገባ። በኢስሊ፣ በማታሬ፣ በካንጌሚና በመሰሉት ሰፈሮች፤ በጥቂት ሽልንግ የሚገባባቸው ቪዲዮ ቤቶች አሉ። በውስጣቸው አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፤ ከሰሜንም ከደቡብም ህንድ የመጣው የፖሊስና የሽፍታ ፊልም ሲታይ ይውላል። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድም ተመልካች አይኖርም፤ ነገር ግን ማንም አይቸገርም። ዲጄ አፍሮ የሚባለው ስመ ጥር ተራኪ በፊልሙ ላይ ድምፁን ጭኖ፤ ስዋሂሊውን ከሰፈሩ የወጣቶች ቋንቋ ከሸንግ ጋራ ቀላቅሎ፤ እየቀለደና እየፎከረ ታሪኩን ይተርክላቸዋል። የህንዱ አዛዥ በእርሱ አንደበት የናይሮቢ ልጅ ይሆናል። በእውነቱ የትርክት ችሎታው የሚደነቅ ነው፤ የእኅቴ ልጅም ፊልም ማፍቀር የጀመረው በእርሱ ድምፅ ነው።

ነገር ግን የናይሮቢ ልጅ እንዲህ ያለውን ፖሊስ የሚያውቀው በፊልም ብቻ አይደለም፤ ልብ የሚነካውም ይህ ነው። ከተማው የራሱ «ኮሚሽነሮች» ነበሩት። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ፓትሪክ ሾው የሚባል ሰውነቱ እጅግ የገዘፈ እንግሊዛዊ፤ ቀን በስታሬሄ የወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት የድኻ ልጆችን ሲያስተዳድር ውሎ፤ ሌሊት ደመወዝ የማይቀበል ተጠባባቂ ፖሊስ ሆኖ በነጭ ቮልቮ ወንበዴዎችን ሲያሳድድ ያድር ነበር። በ1988 ዓ.ም. ሞተ። እስከ ዛሬ ድረስ ስለ እርሱ ሁለት ዓይነት ወሬ ይወራል፤ አንዳንዱ ከተማውን ያሳረፈ ጀግና ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ዳኛም ፈራጅም ራሱ ሆኖ ብዙ ነፍስ ያጠፋ ሰው ነው ይላል። አንድ ሰው የድኻ ልጅ አሳዳጊም የድኻ ልጅ አዳኝም ሊሆን መቻሉ፤ ነገሩ ፊልም እንደሚያሳየን ጥቁርና ነጭ ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል።

በማርች 31 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚሁ እኛ በምንኖርበት በኢስሊ፤ ሲቪል የለበሰ አንድ የታጠቀ ሰው መሬት ላይ የወደቁ ሁለት ወጣቶችን በጠራራ ፀሐይ፤ ሕዝብ እያየ ተኩሶ ሲገድል በስልክ ተቀርጾ በዓለም ሁሉ ታየ። የከተማው ፖሊስ አዛዥ ሟቾቹ የወንበዴ ቡድን አባሎች ናቸው ብሎ ተናገረ። ሕዝቡስ ምን አለ? ያለቀሰ ነበረ፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ገዳዩን አመሰገነ። በዚያው ዘመን «ሄሲ» በሚል የተሸሸገ ስም በፌስቡክ የሚጻፉ ገጾች፤ ወንጀለኛ ናቸው የሚሏቸውን ወጣቶች ፎቶግራፍ አውጥተው ያስጠነቅቁ፤ ኋላም የሬሳቸውን ሥዕል ያወጡ ነበር። ተከታዩም በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሲሆን፤ ልክ በሲኒማ ቤት እንደሚደረገው ያጨበጭብ ነበር።

ይህን ያጨበጨበውን ሰው ጨካኝ ነው ብዬ ለመንቀፍ አልደፍርም። ማታ ከሥራ ሲመለስ ቢላዋ የተመዘዘበት፤ የወር ደመወዙን የተቀማ፤ ሱቁ ሁለት ጊዜ የተሰበረበት ሰው ነው። ወንበዴው ዛሬ ተይዞ ነገ ሲለቀቅ አይቷል። ስለዚህ መንገድ የሚያሳጥርለት ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ነገር ግን አጭሩ መንገድ ማቆሚያ አለው ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

አንድ የሞተር ብስክሌት ነጂ ፖሊስ ያለ ጥፋቴ በጥይት አቁስሎኛል ብሎ ከሰሰ። ጠበቃው ዊሊ ኪማኒ ይባል ነበር። በ2016 ዓ.ም. ከፍርድ ቤት ሲመለሱ ጠበቃው፣ ደንበኛውና ያሳፈራቸው የታክሲ ሹፌር ሦስቱም ጠፉ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ አስከሬናቸው ከወንዝ ወጣ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2022 ዓ.ም. ሦስት ፖሊሶችና አንድ ወሬ አቀባይ ጥፋተኛ ሆነው ተገኙ፤ በፌብሩዋሪ 2023 ዓ.ም. ዋናው ተከሳሽ የሞት ፍርድ ተፈረደበት። በዚህ ነገር ውስጥ አንድም ወንበዴ አልነበረም። ከሟቾቹ አንዱ ተበደልሁ ያለ፤ ሁለተኛው ለተበደለ የቆመ፤ ሦስተኛው ደግሞ መሪ ይዞ እንጀራውን የሚፈልግ ሰው ነበር።

በማርች 2020 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ኮሮና በሽታ የሰዓት እላፊ በታወጀ በጥቂት ቀን ውስጥ፤ ኪያማይኮ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር አንድ የ13 ዓመት ልጅ ከቤተ ሰቡ ጋራ በራሱ ቤት ሰገነት ላይ ቆሞ ሳለ ከፖሊስ በተተኰሰ ጥይት ሞተ። ከወንድሞቹ፣ ከእኅቶቹና ከእናቱ ጋራ ቆሞ ወደ መንገዱ ይመለከት ነበር እንጂ ያደረገው ነገር አልነበረም። በዓመቱ አጋማሽ አንድ ፖሊስ በነፍስ ግድያ ተከሰሰ። የእኅቴ ልጅ ከዚያ ልጅ በአንድ ዓመት ብቻ ይበልጣል።

በጁላይ 2022 ዓ.ም. ሁለት ህንዳውያን ከኬንያዊ ሹፌራቸው ጋራ በናይሮቢ ጠፍተው ቀሩ። ከሁለቱ አንዱ በሙምባይ «ባላጂ ቴሌፊልምስ» በሚባለው የታወቀ ድርጅት ከፍተኛ የሥራ መሪ የነበረ ሰው ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር፤ የፖሊስ ልዩ አገልግሎት ክፍል የሚባለው ቡድን በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ፈረሰ፤ ከአባሎቹም በርካቶቹ በዚህ ነገር ተይዘው ተከሰሱ። እንግዲህ ዕጣው እንዴት እንደ ዞረ ተመልከቱ፤ ለህንድ ቤተ ሰቦች በየማታው በቴሌቪዥን ድራማ ሲያቀርብ የነበረ ሰው፤ በሰው አገር ከእውነተኛው ነገር ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

አጭሩ መንገድ ማቆሚያ የለውም ማለቴ ስለዚህ ነው። ዛሬ ለወንበዴው የተፈቀደው ጥይት፤ ነገ ለከሳሹ፤ ከነገ ወዲያ በሰገነት ላይ ለቆመው ልጅ ይሆናል።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጭራሽ አዲስ አይደለም። አባቶቻችን «ሌባ ሻይ» የሚሉት ልማድ ነበራቸው። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሲያመለክት፤ የሌባ ሻዩ አለቃ አንድ ልጅ ያመጣና የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጣዋል። ልጁ ወገቡን በመቀነት ታስሮ፤ እየተንገዳገደ በመንደሩ ውስጥ ይሄዳል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል፤ የጠፋውንም ዕቃ ይከፍላል። ምስክር የለም፤ ክርክር የለም፤ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቃል። ባለ ንብረቱ ደስ ይለዋል፤ ሕዝቡም ፍርድ ፈጠነ ብሎ ያደንቃል። የተጐዳው ያ ልጅ የወደቀበት ቤት ባለቤት ብቻ ነው፤ እርሱን ግን የሚሰማው የለም። ይህ ልማድ ኋላ ተከልክሎ ቀረ፤ መቅረቱም መልካም ሆነ።

በአንጻሩ ደግሞ እጅግ የሚያኰራ ልማድ ነበራቸው። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው፤ ያለ ወታደርና ያለ ሰንሰለት፤ በአንድ መንገድ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። የተቈጣ ሰው በትር ሲያነሣ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት «በሕግ አምላክ!» ካለች፤ በትሩ በአየር ላይ ይቆማል። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው። ከሌባ ሻይና ከ«በሕግ አምላክ» የትኛው ለልጆቻችን ውርስ ሊሆን እንደሚገባ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። የፊልሙ ፖሊስ ግን፤ ልብሱ የቱንም ያህል ቢያምር፤ የሌባ ሻይ ወንድም ነው።

ይህን ስል የኬረላን ሰዎች መውቀሴ አይደለም። እነርሱ ራሳቸው ነገሩን ከሌላው በኩል የሚያሳዩ ሥራዎችን አበርክተዋልና። በ1976 ዓ.ም. በህንድ አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ በነበረ ጊዜ፤ ራጃን የሚባል የምህንድስና ተማሪ በፖሊስ ተይዞ በካካያም ካምፕ ጠፋ። አባቱ ኢቻራ ዋርየር የህንዲ ቋንቋ መምህር ነበሩ። እኒህ ሰው መሣሪያ አላነሡም፤ በ1977 ዓ.ም. ልጄን አምጡልኝ ብለው ለኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመለከቱ። ልጁ በተያዘበት ጊዜ የአገር ግዛት ሚኒስትር የነበረውና በኋላ ዋና ሚኒስትር የሆነው ካሩናካራን፤ በዚህ ነገር ምክንያት በተሾመ በአንድ ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ሥልጣኑን ለቀቀ። የልጁ አስከሬን ግን አልተገኘም፤ አባትየውም ሳያገኙት በ2006 ዓ.ም. ሞቱ።

ከዚህ ታሪክ ጋራ የሚያያዝ «ፒራቪ» የሚባል የማላያላም ፊልም በሻጂ ካሩን አዘጋጅነት ተሠርቶ፤ በ1989 ዓ.ም. በካን የፊልም በዓል ልዩ ምስጋና አግኝቷል። በውስጡ የተኩስ ድምፅ አይሰማም። አንድ ሽማግሌ አባት በየቀኑ ወደ አውቶቡሱ ማረፊያ ወርዶ ከከተማ የሚመጣውን ልጁን ይጠብቃል። አውቶቡሱ ይመጣል፤ ልጁ አይወርድም። ሽማግሌው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በማግሥቱም እንደ ገና ይወርዳል። ፊልሙ ይኸው ነው። ፖሊሱ በሩን ዘግቶ በእስር ቤት ያደረገውን አያሳየንም፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ በአንድ ቤት የሚሆነውን ግን ያሳየናል። በማታሬና በመሰሉት የናይሮቢ ሰፈሮች ዛሬ ልጆቻቸው በፖሊስ የተገደሉባቸው እናቶች ማኅበር አቁመው፤ እርስ በርሳቸው እየተጽናኑ በፍርድ ቤት ይከራከራሉ። እነዚህ እናቶች የዚያ የኬረላ አባት ጎረቤቶች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ስለ ፖሊሱም ፍርድ ማጓደል አይገባም። በ2021 ዓ.ም. የወጣው «ናያቱ» የተባለው ፊልም ደራሲ ሻሂ ካቢር ራሱ በፖሊስነት ያገለገለ ሰው ነው። ያሳየው ጀግና አይደለም፤ ባልሠሩት ወንጀል ተሳበው በገዛ ባልደረቦቻቸው የሚታደኑ ሦስት ተራ ፖሊሶችን ነው። ፖሊስም የሰው ልጅ ነው፤ ቤት አለው፤ ልጆች አሉት፤ ሕግ ሲጠፋ የሚጠብቀው ጋሻ ለእርሱም አይኖረውም። የኬንያ ፖሊስ መፈክር «አገልግሎት ለሁሉ» የሚል ነው። ይህን መፈክር በየቀኑ ሳይተኩስ የሚፈጽም ብዙ ፖሊስ አለ፤ ነገር ግን ስለ እርሱ ፊልም የሚሠራ የለም። እኔ ግን አንዲቱን ዐውቃለሁና ታሪኳን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፤ ከቤታችን በማይርቅ መንገድ ስሄድ ከኋላዬ የመጣ ሰው ስልኬን ከእጄ ነጥቆ ሮጠ። ጮኽሁ። በመንገዱ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ዞረ። ብዙ ሰው ይሮጥ ነበር፤ እኔም ከሚሮጡት መካከል ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ አንድ ልጅ አየሁና «እርሱ ነው!» ብዬ በጣቴ አመለከትሁ። ልጁን ያዙት። ዕድሜው ከ16 ዓመት አይበልጥም ነበር። በናይሮቢ በሌባ ላይ የተነሣ ሕዝብ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቃል፤ አንዱ ድንጋይ አነሣ፤ ሌላው የመኪና ጎማ እየጎተተ መጣ። እኔ ደረቴ እየመታ ቆሜ አየሁ። አፌን ከፍቼ ተዉት አላልሁም። እውነቱን ለመናገር፤ በዚያች ደቂቃ እንዲተዉት አልፈለግሁም ነበር።

በመንገዱ ዳር ጎመንና ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት ያገራችን ባልቴት ነበሩ። ሻሻቸው እንደ ወደቀ እየሮጡ መጥተው በልጁ ላይ ተደፉና፤ በአማርኛ፤ «በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ! ልጆቼ፤ በሕግ አምላክ!» እያሉ ጮኹ። ከዚያ ሕዝብ መካከል ቃሉን የተረዳው ከእኔ በቀር ብዙ ሰው አልነበረም። ነገር ግን እኒያን አሮጊት መምታት ያሳፍር ነበርና ድንጋዩ የያዘው እጅ ጥቂት ዘገየ። በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ፖሊስ መጣች። ብቻዋን ነበረች፤ ጠብመንጃም አልያዘችም። ድምፅዋን ሳታነሣ ልጁን በክንዱ ያዘችው፤ ጎማ ለያዘው ሰው ጎማውን መልሶ እንዲያኖር ነገረችው፤ እኔንም «አንተ ከሳሽ ነህና ተከተለን» አለችኝ። ሦስታችን ወደ ጣቢያው ሄድን። ሳስበው እንደ አባቶቻችን ልማድ ነበር፤ የጎደለው ነጠላችን መቋጠሩ ብቻ ነው።

በጣቢያው ልጁ ተፈተሸ። ስልክ አልተገኘበትም። ከኪሱ የወጣው ለዳቦ የተሰጠው ገንዘብ ነበር። ፖሊሷ ወጥታ በመንገዱ ያለውን የአንድ ሱቅ ካሜራ አሳዩኝ ብላ ተመለከተች፤ እኔንም ጠርታ አሳየችኝ። ስልኬን የነጠቀው ሌላ ሰው ነበር፤ ሹራቡም ሰማያዊ አልነበረም። ልጁ የሮጠው ሌላው ሰው ሲሮጥ አይቶ ደንግጦ ነው። ፖሊሷ ምንም አልተቈጣችኝም፤ «ቃልህን ልታርም ትችላለህ» ብቻ አለችኝ። ብዕሩን ሳነሣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ቀን በዚያ መንገድ ሌባ ሻዩ እኔ ነበርሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ያዙልኝ ያልሁትን ነገር አሁን እንመልከተው። በፊልም ውስጥ ወንጀለኛው ማን እንደ ሆነ ተመልካቹ ያውቃል፤ ምክንያቱም ደራሲው ነግሮታል። በመንገድ ላይ ግን ደራሲ የለም። ያለው የደነገጠ ዓይን፣ የተቈጣ ልብና የሚያመለክት ጣት ብቻ ነው። ጠበቃና ምስክር፣ ዋስና ቀጠሮ ሁሉ የተሠሩት ለወንበዴው ምቾት አይደለም፤ ደራሲ በሌለበት ዓለም እውነቱን ለመፈለግ ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ፤ የኢትዮጵያም ሕገ መንግሥት የመጓጓዣው ጊዜ ሳይቈጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚያዝዙት ለዚህ ነው። እነዚህ ሰዓቶች ለተበደለ ሰው ረጅም ይመስላሉ፤ ሰማያዊ ሹራብ ለለበሰው ልጅ ግን ዕድሜው ነበሩ።

ለወላጆች የምመክረው፤ ፊልሙን ከልጆቻችሁ እጅ ቀሙ ብዬ አይደለም። የተከለከለ ፊልም በጎረቤት ቤት ይታያል። ይልቁንስ አብራችሁ ተቀመጡና ተመልከቱ፤ ሲያልቅም ጠይቋቸው። «ፖሊሱ ሰው ቢሳሳት ኖሮ በምን ያውቅ ነበር?» በሏቸው። «ይህ የተመታው ሰው ወንድምህ ቢሆን ምን ትል ነበር?» በሏቸው። «ከዚህ በኋላ ይህን ፖሊስ ማን ይቈጣጠረዋል?» ብላችሁም ጨምሩ። ልጅ የሚያስበው ሲጠየቅ ነው፤ ሲገሠጽ ግን ይደበቃል። ልጆቹም ከፍ ሲሉ ሌላውን ዓይነት ፊልም አሳዩአቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው «ናይሮቢ ሃፍ ላይፍ» የተባለው የኬንያውያን ፊልም፤ ተዋናይ ለመሆን ከገጠር የመጣ ወጣት በዚህች ከተማ በወንበዴና በጉበኛ ፖሊስ መካከል እንዴት እንደሚፈጭ ያሳያል። ለሕፃናት የሚሆን አይደለም፤ ጎረምሳ ግን ከአባቱ ጋራ ቢያየው ይጠቀማል።

እኅቴ ልጅዋን «ዝም በል» ባለችው ምሽት፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ልጁን ወደ በረንዳ ጠራሁትና ይህን የሰማያዊ ሹራብ ታሪክ ነገርሁት። እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገርሁትም ነበር፤ አፍሬበት ነበርና። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያም፤ «ጋሼ፤ እኒያ እማማ አሁንም ጎመን ይሸጣሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይሸጣሉ» አልሁት። «እንግዲያው ነገ ከትምህርት ቤት ስመለስ እርሳቸው ዘንድ ውሰደኝ» አለኝ።

በማግሥቱ ሄድን። ልጁ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ፤ እርሳቸውም ምክንያቱን ሳያውቁ መረቁትና አንድ እፍኝ ቃሪያ ጨምረው ሰጡን። ማታ በሽሮ በላነው።